ወደ ውኃው ዳር የወረዱ አገልጋዮች

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በመርከብና በታንኳ ለሚሠሩ፥ ዓሣ በማጥመድም ለሚኖሩ ሰዎች የክርስትናን አገልግሎት ሲሰጡ የኖሩትን ለማሰብ የተዘጋጀ ነው። ይህን ስል በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ በመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ የሚያዳምጠኝ ወዳጄ፥ «ጎጃም ባሕር የት አለውና ነው ስለ ባሕረኛ የምንሰማው?» ብሎ ፈገግ ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መልሱ ከራሱ ደጃፍ አይርቅም።

የጎጃምን አገር ዓባይ ከጣና ከወጣበት ጀምሮ በምሥራቅ፥ በደቡብና በምዕራብ ዞሮ ከቦታል። ስለዚህ የቀድሞ መንገደኛ ወደ በጌምድር ቢሄድ፥ ወደ ሸዋ ቢወርድ፥ ከቡሬም ተነሥቶ ወደ ወለጋ ቢሻገር፥ ውኃ ሳይነካው ከአገሩ መውጣት አይችልም ነበር። በአገሩም ውስጥ ቢሆን ብር፥ ተምጫ፥ ፈጣም የተባሉት ወንዞች ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ክረምት በገባ ጊዜም ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያሉ። ደግሞም በቋንቋችን ጣና ባሕር ነው፤ ታቦት የሚወርድበትም የጥምቀት ውኃ ባሕር ይባላል። እንግዲህ ባሕር ያለው ሕዝብ ባሕረኛ አለው፤ ባሕረኛ ያለውም ሕዝብ ባሕረኛውን የሚያስብ አገልጋይ ያስፈልገዋል።

ድልድይ ባልነበረበት ዘመን በየመሻገሪያው የሚኖሩ አሻጋሪዎች ነበሩ። የነጋዴውን ዕቃ በቆዳ እየጠቀለሉ፥ በዋና እየገፉ፥ ከብቱን እየነዱ፥ መዋኘት የማይችለውንም ሰው እየደገፉ ከወዲህኛው ዳር ወደ ወዲያኛው ያደርሱ ነበር። ሥራቸው ከአዞና ከደራሽ ውኃ ጋር ነው፤ መኖሪያቸውም ወባ በሚበዛበት ቆላ ነው። ነጋዴው ተሻግሮ ወደ ገበያው ይሄዳል፤ ሹሙም ተሻግሮ ወደ ግዛቱ ይሄዳል። አሻጋሪው ግን እዚያው ይቀራል። መንገደኛ ያሻገረውን ሰው ፊት አንድ ሰዓት ያህል ያስታውሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ይረሳዋል። እኔም ከረሱት ሰዎች አንዱ ስለ ነበርሁ፥ ከሁሉ አስቀድሜ የራሴን በደል ልናገር።

ወጣት ሳለሁ በዚያው በምዕራብ ጎጃም፥ ስሙን ልተወውና፥ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ጸሐፊነት እሠራ ነበር። ወሩ ሰኔ ነው፤ ዝናቡም መክበድ ጀምሯል። ከቆላው አንድ ሰው መጣ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። በመዝገብ ላይ የአባቱ ስም ተሳስቶ ስለ ተጻፈ የሌላ ሰው የግብር ዕዳ በእርሱ ላይ ተቈጥሮበት ኖሯልና፥ «ይታረምልኝ» ብሎ ለመነኝ። የዐሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሌላ ጽሑፍ እገለብጥ ስለ ነበር፥ «ነገ ተመለስ» አልሁት። በማግሥቱ መጣ። በዚያን ቀን ደግሞ ማኅተሙን የያዙት ሹም አልገቡምና ዳግመኛ «ነገ» አልሁት። እርሱም፥ «ጌታዬ፥ እኔ የመሻገሪያው ሰው ነኝ፤ ወንዙ እየሞላ ነው» አለኝ። ቃሉ በጆሮዬ ገባ፤ በልቤ ግን አልገባም።

በሦስተኛው ቀን ጧት አንድ ሽማግሌ ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ቢሮዬ ገቡ። ልብሳቸው እስከ ወገባቸው ርሷል። ተነሥቼ መስቀል ተሳለምሁ።

«ልጄ፥ የዚያ ሰው ጉዳይ አልቆለት እንደ ሆነ አብረን እንድንወርድ ብዬ መጥቼ ነው» አሉኝ። «ከትናንት በስቲያ ማታ አንድ መንገደኛ አሻጋሪ ቢያጣ ብቻውን ገብቶ ወንዙ ወሰደው። ትናንት ሬሳውን ከታች አገኘነውና ቀበርነው። ሌላ ሰው እንዳይገባ አሻጋሪው ቶሎ ቢመለስ ይሻላል።»

አልቈጡኝም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። መዝገቡን አወጣሁ፤ ስሙን አረምሁ። ማኅተሙም በጠረጴዛው ላይ ነበር። ዐሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ።

አሻጋሪው በቦታው ቢኖር ኖሮ መንገደኛው በእርግጥ ይድን ነበር ብሎ የሚምል የለም፤ ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው። ሆኖም ያ ሰው ከቦታው የራቀው በእኔ «ነገ» ምክንያት እንደ ነበር አውቃለሁ። ይህም ዕውቀት እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ይኖራል።

ኋላ ጠይቄ እንደ ተረዳሁት የእኚያ ቄስ ቤተ ክርስቲያን በደጋው ጫፍ ላይ ነበረች። የመሻገሪያው ሰዎች ቦታቸውን ጥለው በየሰንበቱ ያን አቀበት ሊወጡ አይችሉም ነበርና፥ ቄሱ ራሳቸው በየጊዜው ይወርዱላቸው ነበር። ሲወርዱም የታመመውን ይጠይቃሉ፤ ንስሐ ለሚገባው ንስሐ ይሰጣሉ፤ የተጣላውን ያስታርቃሉ፤ ወንዝ የወሰደውንም ፈልገው ይቀብራሉ። ከማዶ የሚመጣው መንገደኛ ክርስቲያንም ይሁን እስላም ለይተው አያዩም ነበር፤ ውኃውም አይለይምና። በሕይወት ሳሉ ስማቸው እንዲጠራ የማይወዱ ሰው ስለ ነበሩ እኔም አልጠራውም። ነገር ግን የሠሩትን ሥራ ከእርሳቸው በፊት የሠሩት አሉ፤ ያንን ደግሞ ከታሪክ ላሳያችሁ።

አድማጮቼ ሆይ፥ እኔ ጸሐፊ ነበርሁ ብያችኋለሁ። ጸሐፊ ሆኖ ሳለ ግን ባሕረኞችን ያልረሳ አንድ ሰው በአገራችን ታሪክ መጀመሪያ ላይ ይገኛል። እርሱም በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን የምናስበው ፍሬምናጦስ፥ በሌላ ስሙ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት የሆነውን ታሪክ የጻፈው ሩፊኖስ የተባለ ሰው ነው፤ የሰማውም ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤድስዮስ አፍ እንደ ሆነ ይናገራል። ሁለቱ ልጆች ሜሮፕዮስ ከተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ጋር በመርከብ ይጓዙ ነበር። መርከቡ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደ አንድ ወደብ በተጠጋ ጊዜ፥ ከሮማውያን ጋር የነበረው ውል ፈርሶ ኖሯልና፥ በመርከቡ ላይ የነበሩት ሁሉ ተገደሉ። ሁለቱ ልጆች ብቻ ከዛፍ ሥር ሲያጠኑ ተገኝተው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። ኤድስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ ግን አስተዋይነቱ ስለ ታየ የሒሳቡና የመዝገቡ ኀላፊ ሆነ። በዛሬው አነጋገር የመንግሥት ሠራተኛ ነበር ማለት ነው።

ንጉሡም ከሞተ በኋላ ንግሥቲቱ፥ ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ ሥራ እንዲያግዟት ሁለቱን ለመነቻቸው። በዚህ ጊዜ ሥልጣን በፍሬምናጦስ እጅ ነበረ። በዚህ ሥልጣን ካደረገው ነገር መካከል ሩፊኖስ ለይቶ የሚነግረን፥ በባሕር ከመጡት ከሮማውያን ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖቹን መፈለጉን ነው። ፈልጎም የሚጸልዩበት ቦታ በየስፍራው እንዲያበጁ መከራቸው፤ ለሕንፃው መሬትና ሌላም የሚያስፈልገውን ሰጣቸው። ጳጳስ ከመሆኑ በፊት፥ በእስክንድርያም አትናቴዎስ እጁን ሳይጭንበት፥ የመጀመሪያው አገልግሎቱ ይህ ነበር።

ይህን ነገር በጥሞና እንድትመለከቱት እለምናችኋለሁ። ፍሬምናጦስ ከመርከብ ላይ ወዳጆቹን በሞት ያጣ ምርኮኛ ነበር። የባሕሩን መንገድ ቢጠላውና ከወደብ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ቢሸሽ ማንም ባልፈረደበት። እርሱ ግን ባሕር ያመጣው ሰው ከአገሩ ርቆ፥ መጸለያ አጥቶ፥ በባዕድ ከተማ ምን እንደሚሰማው ከራሱ መከራ ስላወቀ ወደ እነርሱ ሄደ። በክርስትና አገልግሎት ታሪካችን መነሻ ላይ የምናገኘው ባሕረኛውን የፈለገ መዝገብ ያዥ ነው።

ከአክሱም ወደ ራሳችን አካባቢ እንመለስ። የጣና ባሕር ስፋት 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ደሴቶቹም 37 ያህል መሆናቸው ይነገራል። በመካከለኛው ዘመን በክብራን፥ በዳጋና በሌሎችም ደሴቶች ገዳማት ተተክለዋል። የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክ ባሕሩን የተሻገሩት በድንጋይ ታንኳ ነው የሚል ትውፊት አለ። ለሌሎቻችን ግን ታንኳው ከደንገል የሚሠራ ነው። ደንገል ውኃ ሲጠጣ እየከበደ ይሄዳልና በየጊዜው ከባሕሩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። የደሴቱ ገዳም እህል፥ ዕጣን፥ ዘቢብና መጽሐፍ የተጓዘው በዚሁ ታንኳ ነው። ስለዚህ የጣና መነኰሳት ታሪክ የታንኳ ቀዛፊዎችም ታሪክ ነው፤ ነገር ግን በገድላት የምናነበው የመነኰሱን ስም እንጂ የቀዛፊውን ስም አይደለም።

በዘመናችንም ቤተ ክርስቲያን ስለ ጣና ዓሣ አጥማጆች ኑሮ ያሰበችበት ጊዜ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴር፥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በኔዘርላንድ አገር በኡርክ ከተማ የሚገኝ የአብያተ ክርስቲያናት ማኅበር ተባብረው የጣናን ዓሣ ሀብት ለማልማት ሥራ ጀመሩ። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብም በዚህ ምክንያት ወደ ጣና ገባ። ኡርክ እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ ደሴት የነበረች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። በዚያ ወደ ባሕር የምትመለከት ሴት ሐውልት ቆማለች፤ በአጠገቧም በባሕር የቀሩት ዓሣ አጥማጆች ስም በድንጋይ ተጽፏል። የራሱን ሙታን በስም የሚያስብ ሕዝብ፥ አይቶት የማያውቀውን የጣናን ባለ ታንኳ ቢያስብ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሙሉ መናገር ይገባናል። መረቡ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፤ ነገር ግን ቢልጫ የምንላቸው የጣና ዓሦች ብዙዎቹ ዓይነቶች በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ዓሦቹ በየወንዙ አፍ ተሰብስበው ሳለ መረብ ስለ ተዘረጋባቸው፥ በ1990ዎቹ ዓመታት በባሕር ዳር በኩል ጥናት ያደረጉ ሊቃውንት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓይነቶች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ጽፈዋል። ስለዚህ መረብ ሰጥቶ መሄድ የአገልግሎት ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ከዓሣ አጥማጁ ጋር በውኃው ዳር ቆይቶ፥ መረቡ መቼ እንደሚዘረጋና መቼ እንደሚሰበሰብ አብሮ መምከር ነው።

በሌላው ዓለምም ይህን የመሰለ ሥራ የጀመሩት ሰዎች አነሣሣቸው ቀላል ነበር። በ1835 ዓ.ም. ጆን አሽሌ የተባለ የእንግሊዝ ቄስ በብሪስቶል ሰርጥ ዳር ከትንሽ ልጁ ጋር ቆሞ ሳለ፥ ልጁ በሩቅ የሚታዩትን ደሴቶች አይቶ፥ በዚያ የሚኖሩ ሰዎች እንዴት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ጠየቀው። አባትየው መልስ አልነበረውም። ስለዚህ በጀልባ ተሻግሮ ይጐበኛቸው ጀመር። ከዚያም ነፋስ አጥተው በሰርጡ የቆሙትን ብዙ መርከቦች ተመለከተ፤ እነዚህንስ ማን ይጐበኛቸዋል ብሎ ቢጠይቅ፥ የሚጐበኛቸው አልተገኘም። ኋላም ከመርከቡ ወለል በታች ጸሎት ቤት ያላት አንዲት መርከብ አሠራ። ስሟን «ኤይሬኔ» አላት፤ በግሪክ ቋንቋ ሰላም ማለት ነው። በአገልግሎቱ ዘመን 14 ሺህ ያህል መርከቦችን እንደ ጐበኘ ይነገርለታል። እርሱ ሥራውን ከተወ በኋላም በ1856 ዓ.ም. ለባሕረኞች የሚያገለግል ማኅበር ተቋቋመ፤ ይህም ማኅበር ዛሬም በብዙ አገሮች ወደቦች ይሠራል። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ካቶሊካውያን በግላስጎ ከተማ ይህን የመሰለ የባሕረኞች አገልግሎት መሥርተዋል።

እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ፍሬምናጦስ በአክሱም፥ አሽሌ በብሪስቶል፥ ስማቸውን ያልጠራሁት ቄስ በጎጃም ቆላ፥ ሦስቱም በዘመንና በአገር ተራርቀዋል። ነገር ግን ሦስቱም «ይምጡ» አላሉም፤ ሄዱ። በውኃ ላይ የሚሠራ ሰው ሥራውን ትቶ ወደ ደጃችን ሊመጣ አይችልም፤ ከመጣም ጊዜው ጥቂት ነው፤ ከኋላው ወንዙ ይሞላበታልና። ስለዚህ ለእርሱ የሚደረግ አገልግሎት ሁሉ መጀመሪያው ወደ ታች መውረድ ነው።

ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ሲጠራ በምኵራብ ተቀምጦ አልጠበቃቸውም። ስምዖንንና እንድርያስን ያገኛቸው መረባቸውን በባሕር ሲጥሉ ነው፤ ያዕቆብንና ዮሐንስንም በታንኳቸው ውስጥ መረባቸውን ሲያበጁ ነው።

ይህን ንግግር ከቄሶች ይልቅ ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ማሰማት የወደድሁት ስለዚህ ነው። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬው ስሟ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት መካከሏን አቋርጦ ያልፋል፤ ከእርሷም አልፎ ወደ ቡሬ ያደርሳል። በዚያ አስፋልት ላይ የሚኖር ሠራተኛ አገሩ ሁሉ አስፋልት ያለው ይመስለዋል። በጠረጴዛው ፊት የቆመው ሰው ግን ከየት እንደ ተነሣ፥ ስንት ወንዝ እንደ ተሻገረ፥ ሲመለስስ የትኛው ወንዝ እንደሚጠብቀው ካልጠየቀው አያውቅም።

በሰከላ፥ በግሽ ዓባይ፥ የዓባይ ምንጭ ባለበት ስፍራ፥ ስለ አቡነ ዘርዓ ብሩክ የሚነገር ትውፊት አለ። ጻድቁ ወደ እስር በተወሰዱ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱም ውኃው መጻሕፍቱን ሳይርሱና ሳይበላሹ መለሰላቸው ይባላል። ይህን ትውፊት በሰማሁ ቍጥር ያ የአባቱ ስም የተሳሳተበት መዝገብ ትዝ ይለኛል። ውኃው የተቀበለውን አደራ ጠበቀ፤ እኔ ግን በደረቅ ክፍል ውስጥ፥ በመደርደሪያ ላይ፥ የአንድ አሻጋሪ ስም አደራ አልጠበቅሁም።

ዛሬ በዓባይ ላይ ድልድዮች አሉ፤ የአሻጋሪው ሥራ በብዙ ስፍራ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ክረምት ሲሞላ መንደርን ከመንደር የሚለዩ ወንዞች ገና አሉ። ከዚህም በላይ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በዓለም ባሕሮች ላይ በመርከብ መኰንንነት የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል የጎጃም ገበሬ ልጆች ሊገኙ ይችላሉ። ወራትን መሬት ሳይረግጡ ያሳልፋሉ፤ ፋሲካም ጥምቀትም በውኃ ላይ ያገኛቸዋል። በሩቅ ወደብ ሲደርሱ የስልክ መስመር የሚያበጅላቸው፥ ወደ ጸሎት ቤት የሚወስዳቸው አንድ የማያውቁት አገልጋይ ይሆናል። አባቶቻችን ከመርከብ ለወረደው እንግዳ መጸለያ እንዳበጁለት ሁሉ፥ ዛሬ ደግሞ የእኛ ልጅ እንግዳ ሆኖ የሌላውን ደግነት ይቀበላል።

በየዓመቱ ጥር 10 ቀን፥ በከተራ፥ ታቦቱ ወደ ውኃው ዳር ይወርዳል፤ እኛም ነጭ ለብሰን እየዘመርን እንከተላለን። በሚመጣው ከተራ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፥ በአጠገባችሁ ካሉት ሽማግሌዎች፥ በዚያ አካባቢ መሻገሪያ ማን እንደ ነበረ፥ ለመሻገሪያውም ሰዎች የወረደላቸው ቄስ ማን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ስማቸውንም ጽፋችሁ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ስጡ፤ በጸሎት ጊዜ ይታሰባሉ። ስም መጻፍ የእናንተ ሙያ ነው። ሁለተኛ፥ ከበዓሉ በኋላ ወደ ሥራችሁ ስትመለሱ ከቆላ የመጣ ሰው በፊታችሁ ቢቆም፥ «ነገ» ከማለታችሁ በፊት ቤቱ ከወንዙ በየትኛው ዳር እንደ ሆነ ጠይቁት።

እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ነበርና ይህን አልሁ።